እዝባር ያለበት ስም

ወይኒ ኃይለገብርኤል መሮጥ አታውቅም። ካዛንቺስ መናኸሪያ ታክሲው ሊነሳ ሲል ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ቢጮህ እንኳ እርምጃዋን አትቀይርም፤ ያ አንድ ሰው ሌላ ሰው ይሁን፣ እሷ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ጓደኞቿ «አንቺ እኮ ለራስሽ ሠርግም አርፍደሽ ነው የምትደርሺው» እያሉ ያሾፉባታል። ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። እንዲህ ያለ ሰው አይሳሳትም ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ተሞኝቷል። ረጋ ያለ ሰው ሲሳሳትም ረጋ ብሎ ነው የሚሳሳተው፤ ስሕተቱ ቶሎ የማይታወቀውም ለዚሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ወይኒ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ከተቀጠረች ብዙም አልቆየችም። ያ ክፍል የሕንፃው ክብር ነበር። አቧራ ይገባል ተብሎ ጫማ በር ላይ ይወለቃል፤ የመምሪያው ኃላፊ ካልሲ ቀዳዳ መሆኑን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያወቀው በዚሁ ክፍል ሰበብ ነው። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር «አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር» እያለ በባዶ እግሩ ይገባል።

ከነዚህ ሰበበኞች አንዱ የሂሳብ ክፍሉ መሓሪ አጽብሃ ነበር። እሱስ የመጣው ለቀዝቃዛው አየር አልነበረም። ሁለቱም ከሰሜን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ አማርኛ እያሉ ያደጉ፤ ሲቀላለዱ ደግሞ ሁለቱን የሚደባልቁ። ተዋደዱ፣ ተጫጩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ቆመ። ያቆመው ቤት ነው። መሓሪ ላንቻ አካባቢ፣ ውሃ ስንት ባልዲ እንደቀዳ ከመስኮት ሆነው በሚቆጣጠሩ አከራይ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚኖረው። የወይኒ አባት መሓሪን አልጠሉትም። «ልጁ ጨዋ ነው» ይላሉ፤ ቀጥለው ግን «ልጄን በሰው ግቢ አላስቀምጥም» ይላሉ። አቶ ኃይለገብርኤል አንዴ ያሉትን ደግሞ ቂርቆስ ራሱ መጥቶ ቢለምናቸው አይመልሱትም። ሠርጉ ከወር ወደ ወር ተገፋ።

ተስፋቸው የሠራተኞቹ የቤት መሥሪያ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ መሬት አግኝቶ ነበር፤ መሬቱ ለአርባ ቤት ያህል ነው፣ አባላቱ ግን ከሦስት መቶ በላይ ናቸው። ስለዚህ ዕጣ መውጣት ነበረበት። ቀደም ባለው ዙር ወረቀት ጠቅልለው ነበር ያወጡት፤ ያን ጊዜ የተባለውን ሰው አይስማው። የአንዱ ወረቀት ወፍሯል ተባለ፤ የአንዱ ደግሞ እጅ እንዲያውቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ መጥቷል ተባለ። ወንድማማቾች ሳይቀሩ ተኳረፉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አባዲ ሽማግሌ ናቸው፣ ሐሜት አንገፍግፏቸዋል። በዚህኛው ዙር ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ኮምፒዩተር ያውጣው። ኮምፒዩተር ዘመድ የለውም» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ሥራው ለወይኒ ተሰጠ፤ አዲስ ተቀጣሪ ስለሆነች የማኅበሩ አባል አይደለችም፣ በዕጣው ውስጥም የለችበትም።

ወይኒ ፕሮግራሙን የጻፈችው ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። የአባላቱን ስም ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛ ፊደል ተይበው ሰጥተዋት ነበር፤ ስታየው ቆሻሻ ብዙ አለበት። በፊደል ቦታ ዜሮ የገባበት አለ፤ ስም መሐል ቁጥር የተሰነቀረበት፣ ያለ ስም ነጥብ ብቻ የተደረደረበት መስመርም አለ። ይህን ማጥራት ነበረባት። ሲ ውስጥ ኢዝአልፋ የሚሉት ትንሽ አገልጋይ አለ። አንድ ምልክት ታቀርብለታለህ፣ ፊደል መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል፤ ፊደል ካልሆነ ዜሮ ይመልሳል፣ ከሆነ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር። ሌላ ሥራ የለውም፤ ሐሜት አያውቅም፣ የሰው ፊት አያይም። ወይኒም አሰበችና ሕግ አወጣች፦ ስም ከፊደልና ከክፍት ቦታ በቀር ምንም ሊኖርበት አይገባም፤ ሌላ ምልክት የተገኘበት መስመር ይታለፍ። ሕጉ ንጹሕ ነበር። በራሷ ክፍል ባሉት ሰዎች ስም ሞከረችው፤ መሓሪ አጽብሃንም ጨመረችበት። ሁሉም አለፉ። ደስ አላት።

ዕጣው ቅዳሜ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ወጣ። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ እየተንከባለሉ ያልፉና አንዱ ላይ ይቆማል። ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። መጨረሻ አካባቢ «መሓሪ አጽብሃ» የሚለው ስም ቆመ። እልል ተባለ። መሓሪ አልጮኸም፣ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወንበሮቹን እየዘለለ መጥቶ ወይኒን ሰው ሁሉ ፊት አቀፋት። እሷም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለች፤ ለአባቷ ልትነግር ወደ ስልክ ሮጠች። የሠርጉም ወር በዚያው ቀን ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት ፋይል ይዘው የመጡት እትዬ ሸዋዬ ናቸው። እትዬ ሸዋዬ ወልደአማኑኤል ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ሲያደርሱ ያረጁ ተላላኪ ናቸው፤ ማኅበሩ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ መዋጮ ከፋዮች አንዷ ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና «እንኳን ደስ አለሽ ወይንዬ፣ የመሓሪን ሰማሁ» አሏት።

«የእርስዎም በሚቀጥለው ይሆናል፣ እትዬ» አለች ወይኒ።

«ተዪኝ እባክሽ። እኔና ዕድል ከተኳረፍን ቆየን። ስንት ስም በዚያ መስታወት ላይ ሲያልፍ የእኔን እንኳ አላየሁትም። በቃ አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል።»

ይህን ያሉት ሳያማርሩ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው ብቻ። ወይኒን ግን አንጀቷን በላት። እንዴት እንደምታጽናናቸው አሰበችና «ቆይ እትዬ፣ ስምዎ መግባቱን ላሳይዎት። ከሁሉም ጋር እኩል ነበሩ፣ በዓይንዎ ይዩት» አለቻቸው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ወደ ዕጣው የገቡትን ስሞች ከፈተችና ፈለገች። የለም። ደግማ ፈለገች፤ አሁንም የለም። ጸሐፊዎቹ ተይበው የሰጧትን ስታይ ግን እትዬ ሸዋዬ እዚያ ቁጭ ብለዋል፣ ስማቸው ከነአባታቸው ስም።

«ተዪው ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» ብለው እትዬ ሸዋዬ ተነሡ።

ወይኒ ፕሮግራሙን ከፍታ ከላይ ጀምራ አነበበች። ከላይኛው መስመር አልፋ መሄድ አላስፈለጋትም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አናቱ ላይ ስሙን ያኖራል፤ እሷም አኑራለች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን እንጂ ከልጅነቷ ጀምሮ በፈተና ወረቀት ላይ እንደምትጽፈው፣ «ወይኒ ኃ/ገብርኤል» ብላ። ኃ፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ ገብርኤል። ኃይለ፣ ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ የሚሉትን ሁሉ በአንድ ፊደልና ባጋደለች ጭረት ማሳጠር የእኛ የሁላችን ልማድ ነው፤ መታወቂያ ላይም፣ መቃብር ላይም እንዲሁ ነው የምንጻፈው። ጸሐፊዎቹም እንዲሁ ነው የተየቡት። ኢዝአልፋ ግን እዝባር ፊደል አይደለም ብሎ ዜሮ መለሰ፤ እውነቱን ነው፣ ፊደል አይደለም። ወልደአማኑኤሎች፣ ገብረሕይወቶች፣ ተክለሃይማኖቶች ሁሉ ከቆሻሻው ጋር ተጠረጉ። የገዛ ስሟን ብታቀርብለትም አያስገባትም ነበር። ወይኒ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ፊቷ ጋለ። እፍረት ነበር፣ ከእፍረቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት፤ መሓሪን እያሰበች ነበርና።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮው ጀርባ ባለችው ካፌ ነገረችው። መሓሪ ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም፣ ወይኒ። እዪ፣ ማለቴ... ሰውን አልዘረፍሽም፣ ሆን ብለሽ አላደረግሽውም። የሚቀጥለው ዙር አለ አይደል? ያኔ ታስተካክዪዋለሽ፣ እነሱም ይገባሉ። በቃ።»

«እትዬ ሸዋዬ ዕድሌ ነው እያሉ ነው እኮ፣ መሓሪ። ዕድላቸው አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ቢገቡስ ይወጣላቸው እንደነበር በምን አወቅሽ? ከሦስት መቶ ሰው አርባ ነው የሚወጣው። ቢገቡም ምናልባት አይወጣላቸውም ነበር፤ ያው ነው።»

ይህ ክርክር ውኃ የሚቋጥር ነበር። ወይኒ ሦስት ቀን ይዛው ዞረች። በእግሯ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ስትሄድ ታስባለች፣ እራት ላይ አባቷ ስለ ሠርጉ ድንኳን ሲያወሩ ታስባለች። የምታገባው ሰው ቤት ያገኘው ስሙ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው ወይ ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ደግሞ ይህም አይደለም የሚከነክናት። የሚከነክናት እትዬ ሸዋዬ የማይታይ ጠላት እንዳላቸው አምነው መኖራቸው ነው፤ አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል ማለታቸው። ሰው ሞክሮ ቢሸነፍ ሌላ ነገር ነው። ሳያስገቡት ተሸነፍክ ማለት ግን፣ ያውም እግዜርን ምስክር አድርጎ፣ ለሷ ውሸት ሆኖ ታያት። አራተኛው ቀን ላይ ወደ አቶ አባዲ ቢሮ ወጣች።

አቶ አባዲ ሰምተዋት ሲጨርሱ ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሊያባብሏት ሲፈልጉ ወደ ትግርኛ ይዞራሉ፤ «ሰው ቤቱን ሊጀምር ነው። ድንጋይ የገዛ አለ። አሁን ይህን ብናወራ ማኅበሩ ይፈርሳል። ዘመድ የለውም ብዬ የተጨበጨበልኝ እኔ ነኝ እኮ!»

«ዘመድስ የለውም፣ አቶ አባዲ። ግን የእኛን ስም አያውቅም። እኔ ነኝ ያላስተማርኩት።»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ምነው የእኔ ጡረታ እስኪደርስ በቆየ ኖሮ» ብለው ተነፈሱ፤ በማግስቱም ስብሰባ ጠሩ።

አዳራሹ ያን ቀን ተቃጠለ ማለት ይቻላል። ወይኒ መድረክ ላይ ወጥታ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ከወደኋላ «መጀመሪያውንስ በሴት ልጅ!» ያለ ነበር፤ «ተገዝታ ነው» ያለም ነበር። ስማቸው የቀረባቸው ሰዎች ተነሥተው ጮኹ። ዕጣ የወጣላቸው ደግሞ ከእነሱ በላይ ጮኹ፤ አንዱማ ወሬው አስቀድሞ ደርሶት ጠበቃ ይዞ ነበር የመጣው። ጠበቃው ተነሥቶ፣ ዕድለኞቹ በፈቃዳቸው ካልተስማሙ ዕጣው ሊሰረዝ እንደማይችል፣ ቢሰረዝ ፍርድ ቤት እንደሚያቆማቸው ተናገረ። አቶ አባዲ ላባቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ዕጣ የወጣላችሁ፣ እንደገና ይውጣ የሚል ካለ እጁን ያውጣ» አሉ።

ማንም አላወጣም። ወይኒ መሓሪ የተቀመጠበትን ሦስተኛ ረድፍ ላለማየት መሬት መሬት ታያለች። ከዚያች ካፌ ወዲህ አላነጋገራትም ነበር። ጸጥታው ሲረዝምባት ቀና አለች። መሓሪ ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጁን ከጭኑ ላይ አነሣ፣ መልሶ አወረደው፣ ከዚያ አወጣው። ጎኑ የተቀመጠው ሰው እጁን ሊያወርድበት ክንዱን ጎተተው፤ እሱ ግን እንዳወጣ ቆየ። ከደቂቃ በኋላ ከበስተቀኝ አንዲት ሴትዮ አወጡ። ከዚያ ሁለት ሰው። አንዱ እያጉረመረመ አወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ፤ በመጨረሻ ጠበቃውን ያመጣው ሰውዬ ብቻ ሳያወጣ ቀረ፣ ጠበቃውም ለአንድ ሰው ብቻ አያዋጣም ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ዕጣው እንደገና ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን በወረቀት፤ ኮምፒዩተሩን የሚያምነው አልተገኘም። ወረቀቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ሁሉም እየዳሰሰ አረጋገጠ። የመሓሪ ስም አልወጣም። የእትዬ ሸዋዬም አልወጣም። ይህን የሚያነብ ሰው ቢያንስ ለእሳቸው በወጣላቸው ብሎ እንደሚመኝ አውቃለሁ፤ እኔም ተመኝቼ ነበር፣ ግን አልሆነም። እትዬ ሸዋዬ ሲወጡ ወይኒን ትከሻዋን ቸብ አደረጓት። «ገብቼ ነው የቀረሁት፤ ይኸው ነው፣ አይክፋሽ» ብለዋት ሄዱ። ለወይኒ ይህ ምርቃትም ይሁን ምን አልገባትም፤ የዚያን ቀን የገባት ነገር ቢኖር ሠርጓ እንደሌለ ብቻ ነው።

ይህም እንደፈራችው አልሆነም። ነገሩን አባቷ ሰሙ። አቶ ኃይለገብርኤል በዕድሜያቸው አንዴ ያሉትን መልሰው አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መሓሪን አስጠርተው «ለእውነት ብሎ ቤቱን የሰጠ ሰው፣ ልጄን በየትም ቢያስቀምጣት ይሁን» አሉት። መሓሪ አቀርቅሮ ሰማቸው። ትሕትናው ነው ተባለ። ተጋቡ፤ ላንቻ እዚያችው ባልዲ ቆጣሪ ግቢ ገቡ። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ በየሠርጉና በየለቅሶው ይህን ታሪክ ሲያወሩ ኖሩ። ወይኒም ከባሏ ጋር ስትጣላ፣ እሱም እንደማንኛውም ወንድ ያስመርራልና፣ ያችን የወጣች እጅ ታስባለች፤ አስባም ብዙ ነገር ታልፍለታለች።

ከላንቻ ወደ ቄራ ተዛወሩ፤ ከቄራ መልሰው ወደ ላንቻ። ማኅበሩ ሌላ መሬት ሳያገኝ ፈረሰ። ወይኒ መሥሪያ ቤቱን ለቅቃ በአንድ የግል ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ማስተማር ጀመረች፤ ተማሪዎቿ የሰው ስም እንዲያጣሩ ስታዝ መጀመሪያ የአያቶቻቸውን ስም እንዲጽፉ ታደርጋቸዋለች ይባላል። ሁለት ልጆች ወለዱ። ጎተራ ኮንዶሚኒየሞቹ ተሠርተው ሰው ሲገባባቸው እነሱም ገቡ፤ በኪራይ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ ዕቃ አውጪዎቹ ዋጋ ስላስወደዱባቸው ትልቁን ፍራሽ ሁለቱ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ፍራሹን ግድግዳ አስደግፈው ተነፈሱ። መሓሪ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል።

«ስንተኛ ቤታችን ነው ይሄ?» አለ።

«አትቁጠረው» አለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚህ በላይ ይዤው መኖር አልቻልኩም» አላት። «ያን ቀን እጄን ያወጣሁት ለእውነት ብዬ አይደለም። ለእትዬ ሸዋዬም አይደለም፤ ከልቤ የምነግርሽ፣ እሳቸውን ጭራሽ አላሰብኳቸውም። ባላወጣ እንደማታገቢኝ አየሁ። በቃ፣ እሱ ነው። አባትሽ ያን ያህል ሲያመሰግኑኝ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር።»

ወይኒ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ስንቱን ያለፈችለት በዚያች እጅ ነበር። ከዚያ ነገሩን ገልብጣ አየችው። ለእውነት ብሎ ቤት የሚሰጥ ሰው ለማንም ይሰጣል፤ እሷም ያንን ሰው አክብራ ኖራለች፣ አባቷ እንዳከበሩት ከሩቁ። ይህ ላቡን በሸሚዙ እጅጌ የሚጠርገው ሰውዬ ግን ስሕተቷን አልወደደውም፣ እውነቷንም አልወደደውም፤ ጠዋት ማታ የተመኘውን ቤት በእጁ ይዞ ሳለ እሷን ነው የመረጠው፤ መምረጡን ደግሞ እስከ ዛሬ አልነገራትም። ባሏን እንዲህ የወደደችበት ቀን ኖሮ አያውቅም።

«ተነሺ እንጂ፣ ተቆጣሽ?» አላት።

ተነሣች። ፍራሹን አልፋ፣ እሱን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከሱ በታች ያለው ደረጃ ላይ ቆመች። ደረጃ ላይ ፍራሽ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ሰው ላይ ነው።

«አንተ ከላይ ያዝ» አለችው።